የፊት መሸብሸብ መርፌ፦ ጊዮርጊስ አካባቢ ክሊኒክ ከመምረጣችን በፊት ምን እንጠይቅ?



«ጊዮርጊስ ጋር አንድ ክሊኒክ አለ አሉ፤ ዋጋውም ቀለል ያለ ነው፤ ብወጋ ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ከእህቶች፣ አልፎ አልፎም ከወንድሞች ይደርሰናል። በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የዲን ነው፤ ግንባር ላይና በዓይን ዙሪያ የሚወጣን መሸብሸብ በመርፌ ማጥፋት ይፈቀዳል ወይ? ሁለተኛው የጤና ነው፤ የሚወጋኝ ማን ነው? የሚወጋኝስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ለኡስታዝ፣ ሁለተኛውን ለጓደኛ ይተውና እሱ ራሱ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም አንድ ላይ እናያለን። ምክንያቱም የሚፈቅዱ ዑለማዎች «ጉዳት የሌለበት ከሆነ» ሲሉና የጤና ሕጉ «ፈቃድ ባለው ተቋም፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ» ሲል የሚጠብቁት ያንኑ አካል ነው። ክሊኒኩን ሳያጣራ «ተፈቅዷል» ብሎ የሚሄድ ሰው የፈትዋውን ቅድመ ሁኔታ አላሟላም።

መርፌው ምንድን ነው?

ሰው ሁሉ «ቦቶክስ» ይለዋል። ቦቶክስ ግን የአንድ ምርት ስም ነው። መድኃኒቱ ራሱ ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል፤ ዲስፖርትና ዜኦሚን የተባሉትን ጨምሮ ሌሎች ምርቶችም አሉት። የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ከተባለ ባክቴሪያ ሲሆን በባሕሪው መርዝ ነው። ይኸው ባክቴሪያ በአግባቡ ባልተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ውስጥ ሲራባ ቦቱሊዝም የተባለውን፣ ሰውን ሽባ አድርጎ እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል በሽታ ያመጣል። መድኃኒት የሚሆነው እጅግ በጣም በትንሽ መጠን ተለክቶ፣ በትክክለኛው ጡንቻ ላይ ሲሰጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነርቭ ጡንቻን እንዲኮማተር የሚያዘው አሲታይልኮሊን በሚባል ኬሚካል አማካይነት ነው። መርፌው ይህ ኬሚካል ከነርቩ ጫፍ እንዳይለቀቅ ያግዳል። ጡንቻው ሲዝል ከላዩ ያለው ቆዳ መታጠፉን ይተዋል። ስለዚህ መርፌው የሚሠራው ፊት በማኮሳተርና በመሳቅ ለሚመጣ መስመር ነው፤ በቅንድብ መካከል፣ በግንባርና በዓይን ጥግ። የረገበ ቆዳን አይስብም፤ ማድያትንም አያጠፋም። ውጤቱ በአብዛኛው ከ3 ቀን በኋላ መታየት ይጀምራል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይሞላል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ይጠፋል። ይህ ማለት ውጤቱ እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ መክፈል አለበት ማለት ነው። የአንድ ጊዜ ዋጋ ሰምቶ የሚወስን ሰው ይህን ስሌት ማስቀደም ይኖርበታል።

መድኃኒቱ ለውበት ተብሎ አልተጀመረም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ የፈቀደው ለዓይን መንሸዋረርና ከቁጥጥር ውጭ ለሆነ የዓይን ሽፋን መኮማተር ነበር። በቅንድብ መካከል ላለ መሸብሸብ የተፈቀደው በ2002 ነው። በ2004 ከመጠን ላለፈ የብብት ላብ፣ በ2010 ደግሞ ሥር ለሰደደ ማይግሬን ተፈቅዷል። ይህ የሕክምናና የውበት ልዩነት ወደ ሸሪዓው ስንመጣ ዋና ቁምነገር ይሆናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንለይ። «ፊለር» የሚባለው ሌላ መርፌ ነው። እሱ ጡንቻ አያዝልም፤ ጉድጓድን ወይም ከንፈርን ይሞላል። በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ የቆዳ መሞት፣ ከባሰም የዓይን መጥፋት ሊያስከትል ይችላል። «ሁለቱንም በአንድ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ አደጋዎችን አብሮ እየገዛ መሆኑን ይወቅ።

ዑለማዎች ምን አሉ?

የውይይቱ መነሻ የአላህን አፈጣጠር መለወጥን የሚመለከተው የሱረቱ ኒሳእ 119ኛው አንቀጽና ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ነው። ሐዲሱ ንቅሳትን፣ ቅንድብ መንቀልንና ለውበት ሲባል ጥርስን ማሳሳትን አጥብቆ ያወግዛል። በሌላ በኩል በጦርነት አፍንጫው የተቆረጠው ሰሐባ ዐርፈጃ (ረ.ዐ) ከወርቅ የተሠራ አፍንጫ እንዲያደርግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳዘዙት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑለማዎች ከነዚህ ማስረጃዎች ጉድለትን ወይም በሽታን ማስተካከል አንድ ነገር፣ ጤነኛውን አፈጣጠር ለስሜት ብሎ መለወጥ ሌላ ነገር መሆኑን ይረዳሉ።

በእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው 18ኛ ጉባኤው ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ውሳኔ ቁጥር 173ን አሳልፏል። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የኛን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካ ነጥብ አለ። መሸብሸብን በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመርፌ ማስወገድ እንደማይፈቀድ፣ ነገር ግን ሁኔታው በሽታ ከሆነና ጉዳት እንደማያስከትል ከታመነበት እንደሚፈቀድ ይናገራል። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤትም በ2006 ቦቶክስን ለውበት መጠቀም እንደማይፈቀድ ወስኖ ነበር፤ ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ በውስጡ ያሉት ነገሮች ምንጭ ነው።

ከዚህ የተለየ አስተያየት ያላቸው ዑለማዎችም አሉ። ውጤቱ ጊዜያዊ ስለሆነና አፈጣጠርን ለዘለቄታው ስለማይለውጥ፣ ጉዳት ከሌለው፣ ማታለል ከሌለበት፣ በዘርፉ ባለሙያ ከተሠራ ይፈቀዳል የሚሉ ናቸው። ማታለል ሲባል ለምሳሌ ለኒካሕ የታጨ ሰው እውነተኛ ዕድሜውን ለመደበቅ ብሎ ማድረጉ ነው። ያለ ዕድሜው በሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት ፊቱ የተሸበሸበ ሰውም በብዙዎች ዘንድ ከ«በሽታ» ጎን ይታያል።

ስለ ይዘቱ ለሚጠይቁን ደግሞ፣ ቦቶክስ፣ ዲስፖርትና ዜኦሚን ከመርዙ በተጨማሪ ከሰው ደም የሚወጣ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በውስጣቸው ይገኛል። ዲስፖርት ከወተት የሚገኝ ላክቶስም ስላለው ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥም። ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብም ከእንስሳት የተገኘ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ይህን ይዞ ዓሊም መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። «ቦቶክስ ሐላል ነው?» ከማለት ይልቅ የምርቱን ስም፣ ይዘቱንና የምትወጉበትን ምክንያት ይዛችሁ ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡ። ፈትዋውን የምንሰጠው እኛ አይደለንም። ነገር ግን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ፈትዋ እንዳልሆነ እናስታውሳለን።

የሚወጋው ማን ነው?

አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ሰውን የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። የፊቅህ ሊቃውንት የሐኪምን ኃላፊነት ሲተነትኑ ይህን ሐዲስ መሠረት ያደርጋሉ። ዛሬ «በሕክምና መታወቅ» የሚረጋገጠው በሙያ ፈቃድ ነው።

በሀገራችን ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች እየተምታቱ ይታያሉ። የመጀመሪያው የንግድ ፈቃድ ነው። የውበት ሳሎንም ይህን ይይዛል፤ ሰውን በመድኃኒት ለመውጋት ግን አያበቃም። ሁለተኛው የጤና ተቋም ፈቃድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሦስተኛው የባለሙያው የግል የሙያ ፈቃድ ሲሆን ስሙ፣ የሙያው ዓይነትና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬት ከነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይተካም፤ ሰርተፊኬቱ ከዱባይም ይምጣ ከኢስታንቡል።

ፊትን ለመውጋት የፊት ጡንቻዎችን፣ ነርቮችንና የደም ሥሮችን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። መርፌው ከቦታው ትንሽ ዝቅ ካለ የዓይን ሽፋን ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ተመራጩ የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት ወይም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ነው። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ ብቻውን ይህን አይነግረንም። «ዶክተር፣ ስፔሻሊቲዎ ምንድን ነው? የሙያ ፈቃድዎን ማየት እችላለሁ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም። በሙያው የሚተማመን ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ መርፌውን ሌላ ሰው እንዲወጋ ትቶ የሚወጣበት ሁኔታም ሊያጋጥም ይችላል። ቀጠሮ ስትይዙ «ምርመራውን ማን ያደርጋል?» ብቻ ሳይሆን «መርፌውን በእጁ የሚወጋው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጊዮርጊስና ፒያሳ ላይ አድራሻ ለምን ይታያል?

ጊዮርጊስ ለአዲስ አበባ ሰው፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል፣ የሰፈርና የታክሲ ስም ነው። ከኑር (በኒ) መስጂድ ሰግዶ የሚወጣው ሰውም «ጊዮርጊስ እንገናኝ» ይላል። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የወርቅ ቤት፣ የልብስ ሰፊ፣ የፋርማሲና የክሊኒክ መንደር በመሆኑ ሰው በስሙ ያምነዋል። «ፒያሳ ያለ ነው» መባሉ ብቻ ለአንዳንዱ እንደ ዋስትና ይቆጠራል።

ነገር ግን ፒያሳ የትናንቱ ፒያሳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ የአካባቢው ገጽታ ተለውጧል። ይህ ለኛ ጉዳይ ትርጉም አለው። የጤና ተቋም ፈቃድ የሚሰጠው ክፍሎቹ፣ ውኃው፣ ዕቃዎቹና ባለሙያዎቹ ታይተው ለአንድ የታወቀ አድራሻ ነው። ክሊኒኩ ሌላ ሕንፃ ከገባ የድሮው ወረቀት አዲሱን ክፍል አይሸፍንም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት እህታችሁ የተወጋችበት ክሊኒክ ስሙን ይዞ ሌላ ቦታ ከተከፈተ እንደ አዲስ ክሊኒክ ቆጥራችሁ አጣሩት። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው አድራሻና የቆማችሁበት ሕንፃ አንድ ናቸው? ዘመኑስ ታድሷል? የተፈቀደው የአገልግሎት ዓይነት የቆዳ ሕክምናን ያካትታል?

በሆቴል ክፍል፣ በመኖሪያ ቤት ወይም በሳሎን ጓዳ «ከውጭ የመጣች ባለሙያ ለሁለት ቀን ብቻ» የሚል የቴሌግራም ጥሪ ከደረሳችሁ መልሱ አጭር ነው፤ አትሂዱ። ችግር ሲመጣ በሦስተኛው ቀን የምትመለሱበት በር አይኖርም።

ለማነጻጸር የሚያገለግሉ የመንግሥት ተቋማትም በከተማው አሉ። ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቀው ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ሰርጀሪ ሕክምናው ይታወቃል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ደግሞ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነስቶ በቆዳ ሕክምና ስም ያተረፈ ነው። መሸብሸቡ ድንገት የመጣ፣ ወይም ከሌላ የቆዳ ለውጥ ጋር የታየ ከሆነ መጀመሪያ እንዲህ ባለ ቦታ በቆዳ ሐኪም መታየት የውበት መርፌ ከመፈለግ ይቀድማል። «በሽታ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን የፈትዋውን ጥያቄ የሚመልሰውም ይኸው ምርመራ ነው።

ብልቃጡን ሳታዩ አትወጉ

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አንድ መድኃኒት ሀገር ውስጥ ገብቶ ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። በሻንጣ የገባ ብልቃጥ ይህን መንገድ አላለፈም። ትክክለኛ ቢሆን እንኳ በጉዞ ላይ ቅዝቃዜው መጠበቁን የሚያውቅ የለም። ቦቶክስ ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ «ጀነሬተር አላችሁ? የፍሪጁን ሙቀት ትመዘግባላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ቅንጦት አይደለም።

በተወጋችሁበት ቀን ይህን አድርጉ። ብልቃጡ በፊታችሁ ከካርቶኑ ይውጣ። የምርቱን ስም፣ የዩኒቱን መጠን፣ የመለያ (ባች) ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ዱቄቱ በንጹሕ የጨው ውኃ ሲበጠበጥ እዩ። ስሪንጁና መርፌው አዲስ መሆናቸውን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ለቅንድብ መካከል የተፈቀደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት ነው፤ የዲስፖርት ግን 50 ዩኒት ነው። የሁለቱ ዩኒት እኩል አይደለም። ስለዚህ «እኛ ጋር ዩኒቱ ርካሽ ነው» የሚል ክሊኒክ የትኛውን ምርት እንደሚለው ካልነገራችሁ ንጽጽሩ ከንቱ ነው። አንድ 100 ዩኒት ያለው የቦቶክስ ብልቃጥ ለቅንድብ መካከል ብቻ ከሆነ የአምስት ሰው መጠን ይይዛል። የአምራቹ መመሪያ ግን አንድ ብልቃጥ ለአንድ ታካሚ እንዲሆንና ከተበጠበጠ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ያዛል። ባለ 50 ዩኒት ብልቃጥም አለ። በጣም የወረደ ዋጋ ስትሰሙ ምርቱ ሐሰተኛ፣ ወይም ውኃ የበዛበት፣ ወይም ከትናንት የተረፈ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

አደጋው የወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ፈቃዱ የታገደበት ሐኪም ለሰው ያልተፈቀደ የላቦራቶሪ መርዝ ተጠቅሞ ራሱን ጨምሮ አራት ሰዎች ሽባ ሆነው በመተንፈሻ መሣሪያ ታክመዋል። በ2023 ክብደት ለመቀነስ ቱርክ ሄደው ሆዳቸው ውስጥ ይኸው መድኃኒት የተወጉ በርካታ የአውሮፓ ነዋሪዎች በቦቱሊዝም ታመዋል። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ጤና ተቋማት ሐሰተኛ ቦቶክስ በበርካታ ግዛቶች መገኘቱን አስጠንቅቀዋል፤ ከተጎዱት መካከል ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም እንደ ቤትና ሳሎን ባሉ ቦታዎች የተወጉ ነበሩ። ይህ የሆነው ቁጥጥር በጠነከረባቸው ሀገሮች ነው።

በሕክምና ክፍሉ ውስጥ

ጥሩ ሐኪም ከመውጋቱ በፊት እሱ ራሱ ብዙ ይጠይቃል። ነፍሰ ጡር ነሽ? ታጠቢያለሽ? እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለ የነርቭና የጡንቻ በሽታ አለብሽ? በሚወጋው ቦታ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን አለ? ጀንታማይሲንን የመሰለ አንቲባዮቲክ እየወሰድሽ ነው? ደም የሚያቀጥን መድኃኒትስ? ከዚህ በፊት አለርጂ አጋጥሞሽ ያውቃል? እነዚህን ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ከወንበሩ ተነሱ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደኅንነቱ ስላልተረጋገጠ ይህ መርፌ ለውበት ተብሎ አይሰጥም።

እህቶች የሴት ሐኪም መጠየቅ ይችላሉ፤ መጠየቅም አለባቸው። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ለሴት ታካሚ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። መጀመሪያ ሙስሊም ሴት ሐኪም፣ ካልተገኘች የምትታመን ሙስሊም ያልሆነች ሴት ሐኪም፣ ከዚያ ሙስሊም ወንድ ሐኪም፣ ከዚያም ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ሐኪም። ወንድ ሐኪም ከሆነ ኸልዋ እንዳይፈጠር መሕረም፣ ባል ወይም የምትታመን ሴት አብራ ትሁን። ይህ ግን ለሕክምና ፍላጎት የተሰጠ ቅለት ነው። ለውበት ብቻ ሲሆን ጉዳዩ ይጠብቃልና ዓሊም ጠይቁ።

ስለ ፎቶም እንናገር። ክሊኒኮች «በፊትና በኋላ» የሚል ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዳንዱም በቲክቶክና በቴሌግራም ይለቀቃል። ለሕክምና መዝገብ የሚነሳ ፎቶ አግባብ ሊኖረው ይችላል። ሒጃቧን አውልቃ የተነሳችው ፎቶ ግን ለሕዝብ መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የፈቃድ ቅጽ ሲሰጣችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ «ፎቶዬ ለማስታወቂያ እንዳይውል» ብላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የተሰጠው ነው።

ሰላት፣ ሱጁድና ጾም

ሐኪሞች ከመርፌው በኋላ መድኃኒቱ ወደ ሌላ ጡንቻ እንዳይሄድ ለ4 ሰዓት ያህል እንዳትተኙ፣ እንዳታጎነብሱ፣ የተወጋውንም ቦታ እንዳታሹ በጥንቃቄ መልክ ይመክራሉ። የኛ ሰላት ደግሞ ግንባርን መሬት ላይ ማድረግ ይጠይቃል። ለውበት ቀጠሮ ተብሎ ሰላት ከወቅቱ አይወጣም። መፍትሔው ቀጠሮን በሰላት ማስተካከል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ የተወጋ ሰው ዙሁር ሲገባ አራቱን ሰዓት ጨርሷል፤ ትንሽ ቢዘገይም የዙሁር ወቅት እስከ ዐስር ሰፊ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚያዝ ቀጠሮ ግን በዐስርና በመግሪብ መካከል ያስጨንቃል። ውዱእ ሲደረግ ፊትን ሳያሹ ውኃን በቀስታ ማዳረስ ይበቃል።

ስለ ጾም፣ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ምግብነት የሌለው የቆዳ፣ የጡንቻና የደም ሥር መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ገልጿል። ቢሆንም አስቸኳይ ያልሆነን ነገር ከረመዷን ውጭ ማድረግ ልብን ያሳርፋል።

ምን ሲታይ ወደ ሆስፒታል እንሂድ?

ቀላል ራስ ምታት፣ የመርፌው ቦታ መበለዝና ማበጥ በጥቂት ቀናት ይጠፋሉ። የዓይን ሽፋን መውረድም በሳምንታት ውስጥ የሚመለስ ቢሆንም ለሐኪሙ መነገር አለበት። የተወጋው መርዝ ራሱ ተመልሶ አይወጣም፤ የሚጠበቀው ጊዜው እስኪያልፍ ነው።

ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ፣ ሰውነት ከዛለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ ክሊኒኩ ደውሎ መጠበቅ አይገባም። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይቻላል። ለሐኪሙ «ፊቴን ቦቶክስ ተወግቻለሁ» ማለትን አትፈሩ። ማፈር ሕክምናውን ያዘገያል፤ ያነሳችሁት የብልቃጡ ፎቶም የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ሌሎች እህቶችና ወንድሞች በዚያው ብልቃጥ እንዳይጎዱ የሚያደርግ አማና ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ነገሩን በአጭሩ እንሰብስበው። መጀመሪያ ምክንያታችሁን ለዓሊም አቅርቡ። ቀጥሎ የቆዳ ሐኪም መሸብሸቡን ይመርምር። ከዚያ የክሊኒኩን ፈቃድና አድራሻ፣ የሚወጋውን ሰው የሙያ ፈቃድ፣ ብልቃጡን በቅደም ተከተል እዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ለብዙ ዙር አስቀድሞ የሚከፈል «ፓኬጅ» አትግዙ፤ ሐሳባችሁን የመቀየር መብት ይኑራችሁ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ መውጣት ይቻላል። መሸብሸብ ድንገተኛ በሽታ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወርም እዚያው ይጠብቃል።

መርፌውን ለመተው የወሰነም ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀዝቃዛ ብትመስልም ለቆዳ ጠንካራ ናት። የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ጥላ፣ ሲጋራ መተውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቅያ ክሬም አለመቀባት ለፊት የሚያደርጉት ጥበቃ በየአራት ወሩ የሚያልቅ አይደለም። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ መስመርም በልጅ ልጆቻችን ዘንድ የአያት ፊት ምልክት እንጂ ነውር አይደለም።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ በአካላችንም ላይ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።